የካርቱኗ አዛዥና የእኛ ቤት ኮርኒስ

በደርግ ጊዜ ኮልፌ፣ ቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ እሁድ እሁድ ቴሌቪዥን እናይ ነበር። ማየቱስ ባልከፋ! ካየን በኋላ ግን ውይይት አለ፤ አቋም ሳይወሰድ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ለካርቱን እንኳ!

ያን ሰሞን የሚታየው የጦርነት ካርቱን ነበር። አንዲት አዛዥ የመንደሩን ወጣት ሁሉ እየለቀመች ወደ ግንባር ትልካለች። የዚያን ዕለት ግን የገዛ ወንድሟን ወፍጮ ቤት ውስጥ ደብቃ አየናት። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላየሁም። የእኔም ታናሽ ወንድም አፈሳ ሸሽቶ ቤታችን ኮርኒስ ላይ ተኝቶ ነበራ!

ፊልሙ እንዳለቀ የቀበሌው ሊቀመንበር ተነሣና ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ።

"ጓድ መምህርት፣ እስቲ አንቺ አስረጂን። ይቺ ሴትዮ ጀግና ናት ወይስ ከሃዲ?"

አወቀብኝ አልኩ። እንደ እውነቱ ሴትየዋ ሁለቱም ነበረች፤ ግን እንዲህ ያለ አቋም የት አለ?

"ከሃዲ ናት!" አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሊቀመንበሩ ብቻ አላጨበጨበም።

ስንበተን በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ሽጉጡ ከወገቡ እንደተሻጠ ነው። ሰው ሁሉ እስኪያልፍ ግራ ቀኙን ቃኘና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

"እህቴ፣ የእኔም ልጅ ለውትድርና ደርሷል" አለኝ። "የእናንተ ኮርኒስ ሁለት ሰው ይችላል?"