እናቴ ያልጠራችው ስም

ሥራዬ ሰው መጠየቅ ነው። መንግሥት ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው፣ ስትጣሉ ማን ያስታርቃችኋል፣ መብታችሁ ሲነካ ወደ ማን ትሄዳላችሁ እያልኩ ገጠር ለገጠር እዞራለሁ። ጥያቄዎቹን የምናዘጋጃቸው እኔና ባልደረቦቼ ነን፤ አንዳንዱን ጮክ ብዬ ሳነበው እኔኑ ያሳፍረኛል። «ዜግነት ለእርስዎ ምንድን ነው?» ብዬ የጠየቅኳቸው ሽማግሌ ዝም ብለው ሲያዩኝ፣ «መልስ የለም» ከሚለው ጎን ምልክት አድርጌ አልፋለሁ። መልስ እንዳላቸው ግን አውቃለሁ። እኔም አለኝ። የእኔ መልስ ደሴ ጀምሮ ኮምቦልቻ ላይ የሚያልቅ ነው፣ በየትኛውም ጥናት ውስጥ አስገብቼው አላውቅም።

ቤታችን ሰኞ ገበያ አጠገብ ነበር። የአባቴ አባት ከየመን ባሕር ተሻግረው መጥተው፣ ነግደው፣ አግብተው እዚያው ደሴ የተቀበሩ ሰው ናቸው። በእሳቸው ምክንያት ሰፈሩ ቤታችንን «የአረቦች ቤት» ይለዋል እንጂ እኛስ አረብኛችን ከሶላት አታልፍም። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ቅመም እየሸጠች እኔንና ታላቅ ወንድሜን አሳደገችን። ያን ጊዜ ደርግ ነው፣ ሁሉም ነገር በቀበሌ በኩል ነው፤ ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ከከተማ ወደ ከተማ መሄጃ የይለፍ ወረቀቱ ሳይቀር። ወንድሜ ዕድሜው ሲደርስ መታወቂያ ሊያወጣ ሄደ። «የአያትህ ነገር አለ፣ ዜግነትህ ይጣራል» ብለው መለሱት። ማጣራቱ እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ አልሆነም፤ እስኪያልቅ ድረስም የቤታችን ራሽን ታገደ። ባለመታወቂያዎቹ ዘይት ተቀብለው ሲሄዱ እናቴ ከሰልፉ ጎን ቆማ ትለማመጥ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ለብስክሌቱ ጎማ ሊገዛ ፒያሳ ወርዶ በዚያው ቀረ። አፈሳ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው በወረቀት ላይ ጥሪና ምዝገባ ያለው ደንበኛ ነገር ነው፤ መንገድ ላይ ግን ሰው የሚያፍስ የጭነት መኪና ነው። እያንዳንዱ ቀበሌ ይህን ያህል ወጣት አቅርብ ይባላል፣ የጎደለው ከመንገድ ይሞላል። ያየች የሰፈር ሴት እየሮጠች መጥታ ነገረችን። እናቴ የምትፈጨውን በርበሬ ትታ፣ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ወጣች።

የሄደችው ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ሁለት ቤት አልፎ ያለ ጎረቤታችን ነበር፣ ልብስ ሰፊ የነበረ፣ በኋላ መቀሱን ሰቅሎ ሽጉጥ የታጠቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ላመሰግነው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለን ነበር።

«ልጄን ዜግነቱ አልተጣራም ብላችሁ መታወቂያ ነፍጋችሁታል» አለችው እናቴ። «ዜጋ ካልሆነ ደግሞ በምን ዕዳው ይዘምታል? ልቀቀው።»

«እትዬ፣ ያ የመታወቂያ ጉዳይ ነው። ይኼኛው የእናት አገር ጉዳይ ነው።»

«እህ! ለዘይት ሲሆን አረብ፣ ለጦር ሲሆን ኢትዮጵያዊ?»

አንገቱን ደፋ። «ወላሂ እትዬ፣ ከእጄ ወጥቷል። ኮምቦልቻ አውርደዋቸዋል» አለ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ዜግነት ወፋፍራም መጻሕፍት አንብቤያለሁ። እናቴ በበርበሬ እጇ ደጅ ላይ ቆማ ከተናገረችው ያለፈ ነገር አላገኘሁባቸውም።

እሷ ግን ተናግራ የምትተው ሴት አልነበረችም። ለቅሬው አቤት አለች። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ ሰው ሲሞት ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ቃሬዛ ይሸከማል። እኛ ዘንድ ግን ከዚያም ያልፋል። የተጣላ ያስታርቃል፣ ያጠፋ ይቀጣል፣ አልመለስ ያለውን ያስወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው ሰላምታው አይመለስለትም፣ ቤቱ እሳት ቢጠፋ ከጎረቤት ፍም አይጫርለትም፣ ሰው ቢሞትበት ትከሻውን የሚሰጠው አያገኝም። ደሴ ውስጥ ከእስር ቤት ይልቅ ይህን የሚፈራ ብዙ ሰው ነበር።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ወንዶቹ መስጊዱ ጥግ ተቀመጡ። ሴት እዚያ አትቀመጥም፤ እናቴ ከአጥሩ ወዲህ ቆማ በደሏን ተናገረች። የቅሬው ዳኛ ጺማቸው የነጣ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሸህ ነበሩ። አንዱ ፈራ ብሎ፣ «ሸሆቹ፣ እሱን ብናወጣ እኮ መንግሥት ሁላችንንም ያስረናል» አላቸው። «ካሰረን እንታሰራለና» አሉት። «ሲሞትበት የሚጠራው ግን እኛን ነው።» የሊቀመንበሩ እናት ከአልጋ ከዋሉ ከርመዋል፣ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ልጁን እስኪመልስ ከቅሬው ወጥቷል ተባለ፣ ፋቲሓ ተደርጎ ተበተኑ።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነበር፣ እንዲህ ሊሳሳት የሚችለውም በቅሬ ያደገ የእኛ ሰው ብቻ ነው። ቅሬው ሊቀመንበሩን የዳኘው እንደ ጎረቤት ነው። የወሰደ ሰው ሲጨንቀው የወሰደውን ይመልሳል፣ ሲያደርጉት የኖሩትም ይህንኑ ነው። ወንድሜን የወሰደው ግን ሰው አልነበረም፤ መሙላት ያለበት ቁጥር ነበር፣ ቁጥር ደግሞ የሚቀብረው እናት የለውም።

ሊቀመንበሩማ ተጨነቀ። ሚስቱ ፍም ልትጭር ወጥታ ባዶ ገሏን ይዛ ተመለሰች። አሰላሙ ዐለይኩም ሲል መንገዱ ሁሉ ዝም ይለዋል። እሑድ ጠዋት ሽጉጡን ሳይታጠቅ በራችን ላይ ቆመና፣ «እትዬ፣ ይነሱ፣ ኮምቦልቻ እንውረድ። የይለፍ ወረቀቱን ይዣለሁ» አለ። እኔም ተከተልኩ። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስንወርድ ብርዱ እየለቀቀን፣ ሙቀቱ እየተቀበለን ደስ አለኝ። ሰውየው አብሮን አለ፣ የቀበሌው ማኅተም ኪሱ ውስጥ አለ፤ ወንድሜን ይዘን የምንመለስበትን አውቶቡስ ሁሉ አስቤ ነበር።

ልጆቹ የታጎሩት በአንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። በሽቦው ዙሪያ እናቶች ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከደጋን ከተማ የመጡ፣ ከየገጠሩ በእግራቸው የመጡ፣ ልጃቸው እዚያ መኖሩን እንኳ በቅጡ ያላወቁ። ሊቀመንበሩ ጠባቂዎቹን አነጋግሮ ገባ። እኛ በሩ ላይ ቀረን። ጥቂት ቆይተን ወንድሜን አየነው። ጸጉሩን ላጭተውታል፣ ጆሮው ትልቅ ሆኖ ታየኝ። መጀመሪያ ሊቀመንበሩን አየ፣ ከዚያ እኛን፣ ከዚያ ፊቱ በራ። ሊወስዱኝ መጡ አለ በልቡ። ከደሴ ለብሶት የወረደውን ሹራብ አውልቆ አጠገቡ ለተቀመጠው ልጅ ሰጠው፣ አቅፎ ተሰናበተው፣ መጥቶም ከበሩ ወዲያ ቆመ።

ሊቀመንበሩ ላብ አጥምቆት ወጣ። እናቴን ከሴቶቹ ፈንጠር አደረጋትና በሹክሹክታ፣ «እዚህ ያለው መኮንን አንድ ሲወጣ አንድ ይገባል ነው የሚለው። ምትክ ካመጣሁ አሁኑኑ ይለቁታል» አላት።

«የማንን ልጅ?»

«እሱን ይንገሩኝ ነው የምለው። እኔ ከመረጥኩ ቅሬው ዕድሜ ልኬን አይምረኝም፣ እናቴ እጄ ላይ ልትሞት ነው። እርስዎ ስም ይጥሩልኝ። የእርስዎ ቃል ከሆነ ዳኛውም ዝም ይላሉ። ቤቱን አውቃለሁ፣ ዛሬውኑ አመጣዋለሁ።»

ያን ያለው ሽንጎ ፊት ተቀምጦ አይደለም፤ አንዲት ባሏ የሞተባት ቅመም ሻጭ ፊት ቆሞ ነው። ቀበሌው አፈሰ፣ ቅሬው ቀጣ፣ መኮንኑ ምትክ አለ፤ ሁሉም ሥልጣኑን ተጠቀመበትና የቀረውን አምጥቶ እሷ ላይ ጣለው።

እኔ አላመነታሁም። ክንዷን ይዤ፣ «ጥሪ! እማ፣ በአላህ፣ ጥሪ!» እያልኩ ጎተትኳት። የሰፈራችን ወንዶች ልጆች በየበራቸው በዓይኔ መጡብኝ፣ አብሬያቸው ያደግኩ፣ ቤታቸው የበላሁ፤ አንዳቸውም አላሳዘኑኝም። ዛሬም ብትጠራ ኖሮ እላለሁ። ይህን ስል የሚቆጣ ካለ ይቆጣ፣ ወንድሙ ከሽቦ ወዲያ ያልቆመ ሰው ነው።

እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ይሁን የልጆች ስም አላውቅም። ወንድሜ በሩ ላይ መቆሙ ረዘመበትና፣ «እማ፣ ልውጣ?» ብሎ ጮኸ። ያን ጊዜ ብድግ አለች። ወደ ሊቀመንበሩ ዞራ፣ «ወላሂ አልጠራም» አለች። ለልጇ ግን ንጹሕ ሸሚዝና ቆሎ የቋጠረችበትን ጨርቅ በጠባቂው በኩል አቀበለችው። ሲወጡ እንዲይዝላት የሰጠችው መስሎት በደስታ ተቀበላት። ወዲያው ከኋላ በስሙ ጠሩት። አንዴ እናቴን፣ አንዴ እኔን እያየ፣ ቋጠሮዋን አቅፎ ወደ ኋላ ሄደ። አልገባውም። እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚበላኝ እሱ ነው፤ ተሰልፎ ከመሄዱ ይልቅ ሳይገባው መሄዱ።

መኪኖቹ ያን ቀን ከሰዓት ተነቃነቁ። ወዴት እንደሆነ ለማንም አልተነገረም። ወንድሜ አልተመለሰም፤ ሞተም ያለን የለም።

ብዙም ሳይቆይ የሊቀመንበሩ እናት ሞቱ። የቅሬው ዳኛ ሽማግሌዎች አስከትለው ቤታችን መጡ፤ ከቅሬ ያስወጣ ከሳሽ ካልፈቀደ የወጣ ሰው አይመለስም። «ሰውየው ወርዶልሻል? ሞክሯል? አንቺ ይነሣለት ካላልሽ አናነሣለትም» አሏት። እሱ ከኋላቸው ቆሞ አፏን አፏን ያያል። መጋዘኑ በር ላይ ምን እንዳላት ብትነግራቸው እናቱ እዚያው ቤቱ ይቀሩ ነበር፣ እሱም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ እንድትነግራቸውም በሙሉ ልቤ ፈልጌ ነበር።

«ወርዷል፣ ሞክሯል» አለች። «በሩን አልከፈቱልንም። ይቀበሩ።»

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ጮህኩባት። ለምን ደበቅሽለት፣ ምንሽ ነው አልኳት። እናቴ ቆጣ አላለችም። «ለእሱ አይደለም» አለች። «ብናገር እያንዳንዷ እናት የኔን ልጅ አስበሽው ነበር ወይ ትለኛለች። አስቤው ነበር። የሁሉንም በየተራ አስቤያለሁ። ምን ብዬ ልመልስላት?»

አሁን በስብሰባ ላይ ቅሬን የመሳሰሉ ማኅበራት መንግሥትን እንዴት ይገድባሉ ስባል በአክብሮት እናገራለሁ። ባልደረቦቼ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስለ እናቴ ቢጠይቁኝ ደግሞ ከሁሉ በላይ የቆመች ሴት ናት እል ይሆናል። ቤት ውስጥ ግን እንዲህ አልነበረም፤ ያን ስም ስላልጠራችው ዓመታት ሙሉ በደንብ አላናገርኳትም።

የሊቀመንበሩ እናት በተቀበሩበት ሰሞን ከእኛ በታች ያለችው ጎረቤታችን እናቴን ልታጽናናት መጣች። የወንድሜ እኩያ የሆነ ልጅ ነበራት፣ እሱው ደግፎ አምጥቷት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ሴትየዋ ከልቧ አለቀሰች፣ «አብሽሪ፣ አላህ ይመልሰው» አለች፣ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ያላስቻላትን ተናገረች።

«እህቴ፣ አትቀየሚኝ እንጂ አንቺ ኩራት አለብሽ። መሬት ላይ ተንከባለሽ፣ እግራቸው ላይ ወድቀሽ ብትለምኚ ይሰጡሽ ነበር። እኔ ብሆን ልጄን ሳልይዝ አልመለስም።»

እናቴ በሴትየዋ ትከሻ ላይ አሻግራ በር ላይ የቆመውን ልጅ አየችው፣ ቆይታ አየችው።

«እውነትሽን ነው» አለቻት። «አልለመንኩም።»