ድልድዩ ላይ ተራ አስከባሪ

አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ወልቂጤ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አለኝ። እሁድ እሁድ ደግሞ ከሱቁ ጓዳ ቁጭ ብዬ ሽፍታ እዋጋለሁ። ይህን የምጽፈው እያፈርኩ አይደለም። ማፈር የሚገባው ሰው ካለ፣ እሁዱን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ የሚመረምረው ጎረቤቴ ፀጉር ቆራጩ ነው።

«ዛሬስ ስንት ገደላችሁ?» ይለኛል በሩን ስዘጋ።

«ካንተ ምላጭ የተረፈውን» እለዋለሁ።

ጨዋታውን ያመጣው ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ባልዲ ሊገዛ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ስንከራከር ቆየንና፣ ባልዲውን ተሸክሞ ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ፣ «አንተ እንዲህ የምትከራከረው ለባልዲ ብቻ ነው?» አለኝ። በሳምንቱ ከስልኩ አውጥቶ ያሳተመውን አንድ ወፍራም የወረቀት ጥራዝ ታቅፎ መጣ።

ነገሩ ከባድ አይደለም። አንዱ ይተርካል፤ ሌሎቻችን እያንዳንዳችን አንድ ሰው ሆነን ታሪኩ ውስጥ እንገባለን። ተራኪው «ከፊታችሁ ወንዝ አለ» ሲልህ ምን እንደምታደርግ የምትናገረው አንተ ነህ። መሳካቱን ዕጣ ይወስነዋል። መጽሐፉ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ፣ ቁጥር የተጻፈበት የሚጣል የፕላስቲክ ጠጠር፣ ይጠይቃል። እኔ ሱቅ የሌለ ፕላስቲክ ወልቂጤ ውስጥ የለም፤ እሱ ግን እኔም ጋ የለም። ስለዚህ ቲቸር ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር የጻፈባቸውን ወረቀቶች አጣጥፎ ጣሳ ውስጥ ከተተልን።

ከቲቸር ሌላ ሦስት ነን። አንዷ አታት ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት፤ ሲስተር እንላታለን። ሥራዋ ቁስል ማሰር ስለሆነ በጨዋታው ሐኪም ትሆናለች ብለን ነበር፤ «እሱንማ ስድስት ቀን እሠራዋለሁ፤ ሰይፍ ስጡኝ» አለች። ሁለተኛው የመስቃን ሰው፣ በርበሬ ነጋዴ፣ ሽማግሌ ናቸው፤ ሐጂ እንላቸዋለን። እግራቸው ታሞ አታት ተኝተው ሳለ ያስታመመቻቸው ሲስተር ናት፤ ወደኛም ያመጣቻቸው እሷው። ሐጂ መጀመሪያ የጠየቁት ገንዘብ ይያዝበት እንደሆነ ነው። እንደማይያዝ ሲያረጋግጡ፣ «አስማቱን ለፈለገው ስጡ፤ ለኔ ቀስት ይበቃኛል» አሉና ቀስተኛ ሆኑ። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ሌባ ነኝ። ማንም ሳይጠይቀኝ ነው ሌባ ያደረጉኝ።

ታሪኩ ሲተረክ እንደ ውኃ ይፈሳል። ጠብ ሲጀመር ግን ቀጥ ይላል። ቲቸር ዋቤን በሚመስል ወንዝ ላይ ድልድይ ሠርቶ ዘጠኝ ሽፍታ አቆመበት፤ ሦስት እሁድ ሙሉ እዚያው ድልድይ ላይ ቀረን። ቲቸር ጥፋቱን የሕጉ ብዛት ላይ ያደርጋል። ለመምታት አንድ ዕጣ፣ ምን ያህል እንደጎዳህ ለማወቅ ሌላ ዕጣ፣ ከዚያ መጽሐፍ መግለጥ። እውነት ነው፣ ይህም አለበት። ዋናው በሽታችን ግን መጽሐፉ ውስጥ አልነበረም። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች እኛን አያውቁንም።

የሲስተር ተራ ይደርሳል። ሰይፏን ከማንሳቷ በፊት ወደ ሐጂ ትዞራለች።

«ሐጂ፣ ይቅደሙ።»

«ኧረ አይሆንም ልጄ። ተራው ያንቺ ነው።»

«እርስዎ ቁጭ ብለው?»

«በአላህ ይዤሻለሁ፣ ምቺው።»

«እሺ፣ የትኛውን ልምታ?»

እዚህ ላይ ሸንጎ ይቀመጣል። ሐጂ ስለ ወፍራሙ ሽፍታ ያላቸውን አስተያየት ይሰጣሉ። ቲቸር ራሱ፣ የሽፍቶቹ አዛዥ ሆኖ ሳለ፣ ቀጭኑ እንደሚሻል ይመክራል። እኔም ዝም ብል ነውር ነውና አንድ ነገር ጣል አደርጋለሁ። ሽፍቶቹ ጎራዴ መዘው፣ ምክክሩ እስኪያልቅ በትዕግሥት ይጠብቃሉ። እንዲህ ያለ ጨዋ ሽፍታ የትም አይገኝም። በመጨረሻ ዕጣው ይወጣል፤ ሐጂ መነጽራቸውን ፈልገው ያነባሉ፤ ከዚያ ወረቀቷን እንደነበረች አስተካክለው ያጥፋሉ። ይህን ሁሉ ስናደርግ የአታት የመጨረሻ መኪና መነሻው ይደርሳል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው፤ እሱ ካመለጣት ሲስተር ማደሪያ የላትም። ሁልጊዜም ሰይፏን ሰቅላ በሩጫ ነው የምትወጣው።

በሦስተኛው እሁድ አልሮጠችም። ቦርሳዋን አንግታ ቆመች።

«ሦስት እሁድ መጣሁ» አለች። «አራት ጊዜ ሰይፍ አነሳሁ። ሥራ ቦታ ሰው እኔን ይጠብቃል፤ እዚህ ደግሞ እኔ ሰው እጠብቃለሁ። በሚመጣው እሁድ ድልድዩን ካልተሻገርን እናንተ ተሻገሩ። እኔ ልብሴን አጥባለሁ።»

እሷ ከቀረች ሐጂ እንደሚቀሩ አውቃለሁ። የሚቀረው አንድ ተራኪና አንድ ሌባ ነው። ያ ጨዋታ አይባልም፣ ፖሊስ ጣቢያ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ሰው የሚያናግረኝ ዋጋ ለማስቀነስ ነው። ሚስቴ እንኳ «የዛሬ ገበያ እንዴት ነበር» ብላ ነው የምትጀምረው። እሁድ ከሰዓት ብቻ ነው አንድ ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ «አሁን ምን ታደርጋለህ?» የሚለኝ። ይህችን ለይሉኝታ አሳልፌ አልሰጥም።

«ቲቸር፣ የሚመጣው እሁድ ተራውን ለኔ ስጠኝ» አልኩት። «አንተ ተርክ፤ ወረፋውን እኔ ላስከብር።»

«ተረጋጋ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ሲስተርን መኪና ያመልጣታል።»

«ሕጉ እኮ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል!»

«መጽሐፉ መናኸሪያ ውሎ አያውቅም» አልኩት። «ከአሥራ አንድ በፊት ካላሻገርኳችሁ ስለ ሕግ ሁለተኛ አልናገርም።»

«አንተ? ዝም ልትል?» አለ ቲቸር። «ይህንማ ማየት አለብኝ።»

እኔ የተማርኩት ቡታጅራ መናኸሪያ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ተራ አስከባሪ ነበርኩ። መናኸሪያ አንድ ነገር ያስተምርሃል፤ አንዱ ሲጭን ቀጣዩ ሞተር ያስነሳል። ተራው ደርሶ ሾፌሩ ሻይ ቤት ከሆነ፣ የመኪናውን ጣሪያ ሦስቴ ትደበድባለህ። በሦስተኛው ካልመጣ ወደ ጭራ ይሄዳል። አጎትህ ይሁን፣ ሥራ ያስገባህ ሰው ይሁን፣ ወደ ጭራ። አንዱን ከጠበቅክ ከኋላው ያሉት አሥሩ ይሰድቡሃል፤ ከአሥሩ አንዱ ደግሞ ይማታል።

ሳምንቱን ሙሉ ቆርኪ ለቀምኩ። ፀጉር ቆራጩ ጎንበስ ብዬ ሲያየኝ «ገበያ እንዲህ ቀዘቀዘ?» አለ። በየቆርኪው ሆድ ቁጥር ጻፍኩ፤ ለእያንዳንዳችን ሃያ ሃያ ቆርኪ ያለበት የየራሳችን ጣሳ አዘጋጀሁ። የሚታጠፍ ወረቀት የለም። የሌላው ተራ ሳያልቅ የራስህን ታወጣለህ፣ ሳታየው ደፍተህ ታስቀምጣለህ፤ ስትጠራ ትገለብጣለህ። ከአሥር በላይ ከሆነ መታህ፤ ከአሥር የበለጠው ቁስሉ ነው። አንድ ዕጣ፣ አለቀ።

እሁድ ሐጂ ዐስር ሰግደው ሲመለሱ አሥር ሰዓት ሆነ። አንድ ሰዓት ቀረን፤ ዘጠኝ ሽፍታ ቆሟል።

«ሲስተር፣ ጫኚ! ሐጂ፣ ሞተር ያስነሱ!»

ሲስተር ቆርኪዋን ገለበጠች። አሥራ ሰባት። «ቀጭኑን፣ ደረቱ ላይ!» ቲቸር ስለ ደረት መከላከያ ሊያይ መጽሐፉን ሲስብ እጄን ጫንኩበት።

«ቤትህ አንብበው።»

«ተሳስተን ቢሆንስ?»

«ተሳስተን እንሻገራለን። ሐጂ፣ ይጫኑ!»

ሐጂ መነጽራቸውን በደረት ኪሳቸው ፈለጉ። ከዚያ በጎን ኪሳቸው። ቆርኪ አላወጡም። ፈገግ ብለው «መጀመሪያ እስቲ ሲስተር ትጨርስ፣ ጥሩ ይዛለች...» አሉ።

ጣሳዬን ጠረጴዛው ላይ መታሁት። አንድ።

«ወፍራሙን ብዬ ነበር፣ ግን ቲቸር እንዳለው...»

ሁለት።

ሲስተር ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ቲቸር ከንፈሩን ነከሰ።

ሦስት። «አለፈ! ሌባው ይገባል!»

ቡታጅራ ሳለሁ ሾፌር አሳልፌያለሁ፤ በዕድሜ የአባቴ እኩያ የሆነ ሰው፣ ያውም ቤቴ ተጋብዞ የመጣ፣ አሳልፌ አላውቅም። እናቴ በሕይወት ኖራ ይህን ብታይ በዚያው ጣሳ ነበር የምትለኝ።

ሐጂ ያገኙትን መነጽር መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

«እኔን አለፍከኝ?»

«አለፍኩዎት፣ ሐጂ።»

«በዚህ ሽበቴ?»

«ሽፍታው ሽበት አይቶ አያልፍም።»

ይቅርታ አልጠየቅኩም። ልጠይቅ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ብጠይቅ ግን እሳቸው ይምራሉ፣ እኔ አመሰግናለሁ፣ ቲቸር ይመርቃል፣ መኪናው ይሄዳል። ቆርኪዬን ገለበጥኩ። ሁለት። ሌባዬ ድልድዩ ላይ ተንሸራቶ አገጩን ተፈነከተ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሐጂ። «ይሄስ ፍርዱም ፈጠነ!»

ሲስተር ሳቋ አመለጣት። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ሮጠ። ቲቸር ሽፍቶቹን አንድ በአንድ ከማንቀሳቀስ ይልቅ ሦስት ሦስቱን በአንድ ቆርኪ እንዲያስገባ አስገደድኩት፤ አጉረመረመ እንጂ አስገባ። ሐጂ ተራቸው ሲመለስ ስማቸውን ጠርቼ ሳልጨርስ ቆርኪያቸውን ጠረጴዛው ላይ እንደ ዳማ ጠጠር ጠፍ አደረጉት። መነጽርም አልፈለጉም፤ ለካ ቁጥሩን በቅርብ ያለ መነጽር ያዩታል።

«አሥራ ዘጠኝ! ወፍራሙን፣ ጉሮሮው ላይ! ቀጥል፣ ምን ያንቀራፍፍሃል?»

አምስቱ ሲወድቁ ቲቸርን ያዝኩት። «የቀሩት ለምን ይቆማሉ?»

«ገና አልሞቱማ። አቅማቸው እስኪያልቅ መዋጋት አለባቸው።»

«ሽፍታ ጡረታ አለው እንዴ? ለማን ብሎ ይሞታል?»

ቲቸር ትንሽ አሰበ። መቼም ልቡ ተራኪ ነው፤ ያልኩት ከመጽሐፉ በላይ ጣመው። ሦስቱ ጎራዴያቸውን ጥለው ወደ ጫካ ሮጡ። የቆሰለ አለቃቸው ብቻውን ድልድዩ መሐል ቀረ።

ሰዓቱን አየሁ። ሃያ ጉዳይ ለአሥራ አንድ።

«ሲስተር፣ ጫኚ!»

እጇን ቆርኪው ላይ አድርጋ፣ እንደ ልማዷ ወደ ሐጂ ዞረች። ሐጂ ቀና ብለው ኮርኒሱን ያያሉ። የዝናብ ፍሳሽ የሳለው ቡናማ ካርታ አለ እዚያ ላይ፤ እሱን በጥሞና ያጠናሉ። ጣሳዬን አንዴ መታሁ። ሁለተኛውን አላስመታችኝም።

«አሥራ አራት!»

አለቃው ከነካባው ወንዙ ውስጥ ገባ። ማንም ማንንም ሳያማክር ተሻገርን። ቲቸር ወዲያው መጽሐፉን ገለጠ።

«በሕጉ ከሆነ እኮ ሦስቱ መሸሽ አልነበረባቸውም።»

«ጥራቸውና ይመለሱ» አልኩት።

ሩብ ጉዳይ ለአሥራ አንድ፣ መኪናው ገና እየጫነ፣ ሁላችንም ሲስተርን ልንሸኝ ተነሳን። የጓዳዬ በር ጠባብ ነው፤ በሁለቱም በኩል ባልዲ ተሰቅሏል። ቲቸር በሩ አፍ ላይ ቆመ።

«ሐጂ፣ ይቅደሙ።»

«ኧረ አንተ ቅደም፣ መምህር።»

«በሞቴ!»

«አንተም እንግዳ ነህ እኮ፣ በአላህ!»

እኔም፣ አፍ አውጥቼ ሁሉን ሳስተምር የዋልኩት ሰውዬ፣ «ሐጂ፣ እርስዎ ይቅደሙ እንጂ» ስል ራሴን ሰማሁት። አምስት ደቂቃ ሳንበላ አልቀረንም። ከኋላችን ባልዲ ተደበደበ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«አለፋችሁ!» አለች ሲስተር። ቲቸርን በክርኗ፣ እኔን በቦርሳዋ ገፍታ በመካከላችን ወጣች።

ፀጉር ቆራጩ በረንዳው ላይ አለ። «ሲስተር፣ ዛሬስ ስንት ገደላችሁ?»

«እሁድ መጥተህ ቁጠር፣ መኪና አለኝ!» አለችው ሳትቆም።

ከሱቁ በር ሆኜ ከመንገዱ ማዶ የቆመው መኪና ውስጥ ስትገባ አየኋት። ረዳቱ በሩን ዘጋ፤ ጣሪያውን ደበደበ። ዞር ስል ሐጂና ቲቸር ከባልዲዎቹ መሐል ገና አልወጡም።

«እንግዲያው አንድ ላይ እንውጣ» ይላሉ ሐጂ።