አክስቴ ያልሰገደችበት ስቅለት

ልጅ ሳለሁ፣ ባሕር ዳር አጠገብ ሰባታሚት ካለው ቤታችን ደጅ፣ ለትንኝ ብለን በምናጨሰው ኩበት ዙሪያ ተኮልኩለን የአያቴን ተረት እንሰማ ነበር። አያቴ መሪጌታ ናቸው። ከተረታቸው አንድ አንካሳ አይጠፋም፤ አንድ ቀን ጉማሬ ነው፣ ሌላ ቀን ጦጣ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንካሳው ያሸንፋል።

«አባባ፣ ዛሬም አንካሳው ሊያሸንፍ ነው?» ትላቸዋለች አክስቴ ትርንጎ እየሳቀች።

«ዝም ብለሽ ስሚ፤ ገና ወንዙን አልተሻገረም።»

ትርንጎ የአያቴ የመጨረሻ ልጅ ናት። የግራ እግሯ አጠር ስለሚል ስትራመድ ወደ ግራ ዘንበል ትላለች። ያኔ ቤተሰቡ ሁሉ ብርድ ገብቷት ነው ብሎ ስለሚያምን በየዓመቱ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይወስዳት ነበር። ሕመሙ ጥቂት ቀን ይተዋትና ይመለሳል። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት ከባጃጅ ለመውረድ የሰው እጅ መያዝ ጀመረች።

በመጨረሻ ባሕር ዳር ያየቻት ሐኪም ራጁን አሳየቻት። የግራ ጭኗ አጥንት ራስ ከተወለደች ጀምሮ ዳሌዋ ውስጥ በቦታው አልተቀመጠም፤ ሲፋተግ ኖሮ መገጣጠሚያው አልቋል። ያለው መፍትሔ በሰው ሠራሽ መቀየር ነው። ትርንጎ ቀዶ ሕክምናውን አልፈራችም። የፈራችው ሐኪሟ ቀጥላ የነገረቻትን ነው፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ዱካ ባለ ዝቅተኛ መቀመጫ ላይ መቀመጥም ሆነ መስገድ ክልክል ነው።

«ስቅለትን ተገትሬ ልዋል? ሰዉስ ምን ይለኛል?» አለች የዚያን ዕለት ማታ።

እኛ ተረት ስንጠብቅ አያቴ ፍሙን ቆሰቆሱ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ በሽተኛ አይሰግድም፤ ይህን እኔው ሳስተምር ነው የኖርሁት። አንገትሽን ዝቅ ታደርጊያለሽ፣ በቃ። የሚልሽ ሰው ካለ ወደ እኔ ላኪው» አሏት። ያን ማታ ተረት ሳይነገረን ተኛን።

ዳሌዋ ተቀየረ። መጀመሪያ በክራንች፣ ከወራት በኋላ ያለ ክራንች መሄድ ቻለች።

ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ሰዉ ሁሉ ሲወድቅ ሲነሣ ትርንጎ ብቻ አንገቷን ደፍታ ቆማ ቀረች። ከኋላችን አንዲት ሴት፣ «ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው?» አለች። እኔ ዓይን አፋር ስለሆንሁ፣ ሰው እንዳያየኝ ግንባሬን ምንጣፉ ላይ እንደደፋሁ ቆየሁ። ትርንጎ ግን አልተነቃነቀችም። ቀና ስል ፊት ለፊቴ ባዶ እግሯን አየሁ። የግራ ተረከዟ ዕድሜ ልኳን መሬት ነክቶ አያውቅም ነበር፤ ያኔ ግን ሁለቱም ተስተካክለው ምንጣፉን ረግጠዋል።

ከአያቴ ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል። ያን ተረከዝ ግን አሁንም ለስግደት ዝቅ ባልሁ ቁጥር አየዋለሁ።