በስመ አብ የሚጠብቀው ውሻ

የዶሮ ጉበት ሲቀቀል የሚሸተው ሽታ ዛሬም ባለሁበት ያቆመኛል። ትናንት አንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ አቆመኝ፤ ሰው እየገፋኝ አለፈ። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ዓረብ አገር፣ ባዳሮ ነበርኩ፣ እህቴ ተቀጥራ የምትሠራበት ወጥ ቤት።

ቅዳሜ ነበር። ያኔ መዝረዓ የሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ ሕንፃ ደረጃ አጸዳ ነበር። ሥራዬን ስጨርስ ወደ እሷ ሄድኩ፤ ማዳሟ ቅዳሜ ቅዳሜ በጓሮ በር እንድገባ ፈቅዳልኛለች።

በሩን ስከፍት እህቴ ጉበቱን በሹካ ትደፈጥጣለች። የማዳም ልጆች፣ ወንዱና ታናሽ እህቱ፣ እስከ ክርናቸው ዱቄት ሆነዋል። ውሻቸው ጠረጴዛው ሥር ተኝቶ በጭራው ወለሉን ይመታል።

«ምን እየሠራችሁ ነው፣ እታለም?»

«ብስኩት። ለውሻው።»

«ለውሻም ይጋገራል?»

«እዚህ አገር ይጋገራል። ይልቅ እጅህን ታጠብና ና!»

እኛ ሰፈር ውሻ የሚደርሰው አጥንት ነው፤ ያውም ከዱላ ካመለጠ። ታጥቤ መጣሁ። ሊጡን ዳመጥን፤ ልጆቹ በቡና ስኒ አፍ እየጫኑ ክብ ክብ አወጡ። ከመቁረጣቸው በፊት ግን እህቴ በቢላ ጫፍ ሊጡ ላይ መስቀል አሰመረች። ልጆቹ እኩል ጮኹ።

«ባስማብ!»

«በስመ አብ» ማለታቸው ነው። ወንዱ ልጅ ከእሷ በለቀመው አማርኛ፣ አረብኛውን እየቀላቀለ አስረዳኝ፦ «ባስማብ ከሌለ፣ ያኒ፣ አይበስልም።» እንደ እንቁላሉ፣ እንደ ዱቄቱ፣ የብስኩቱ አንድ ነገር መስሎታል።

«ኃጢአት አይሆንም?» አልኳት ቀስ ብዬ። «ለውሻ?»

«እሱን ማን ፈጠረው? ዝም ብለህ እይ።»

የመጀመሪያው ትሪ ከምድጃው ወጣ። ሲበርድ አንዱን ብስኩት አንስታ ውሻው አፍንጫ ሥር አስቀመጠች። አልነካውም። ለሃጩ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ ዓይኑ ግን ብስኩቱን ትቶ የልጆቹን እጅ ያያል። በመስኮቱ የገባው የማታ ፀሐይ ላይ የዱቄት ብናኝ ቆሟል። ልጆቹ በነጭ እጃቸው አማተቡ፤ «ባስማብ» አሉ። ያን ጊዜ ጎንበስ ብሎ በላ።

እኔ... እንዴት ልበልህ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ቆሜአለሁ። እንደዚያ ሆኜ ግን ቆሜ አላውቅም። ትንፋሼን ይዤ ነበር። እህቴ ዓይኔን አይታ ሳቀች።

ከሊጡ ግማሹ ተረፈ። ዳምጣ መስቀሉን አሰመረችበትና በጨርቅ ሸፍና ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተችው። «ኸላስ፣ በቃ፣ ይሄ ለነገ። ከቅዳሴ ስመለስ እንጋግረዋለን» አለቻቸው። እኔን በሩ ድረስ ሸኘችኝ። ኪሴ ውስጥ ሁለት ብስኩት ጨመረችልኝ። «ላንተም ይሆናል፣ የኔ ጌታ። የጎደለው ጨው ብቻ ነው።»

በዚያው ማታ የሰፈሩ መብራት ጠፋ። እህቴ ቆሻሻ ልትጥል ወረደች። የገጫት መኪና መብራቱን አላበራም ነበር። ከዚህ በላይ... ከዚህ በላይ አልችልም። እዚያው አረፈች።

በማግስቱ ጠዋት ወደዚያው ጓሮ በር ሄድኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ እግሬ ሌላ መንገድ አላገኘም። ማዳም ከፈተችልኝ። ፊቷ አብጧል። ወደ ውሻው እያመለከተች «ከማታ ጀምሮ አልበላም» አለችኝ በአረብኛ። ልጆቹ በሌሊት ልብሳቸው ቆመዋል። ወንዱ ልጅ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ሊጡን አመጣና ፊቴ አስቀመጠው።

እጄን ታጠብኩ።

ጨርቁን ስገልጥ ያሰመረችው መስቀል አለ። ጠርዙ ደርቋል። ዙሪያውን በስኒ ቆረጥኩ፤ መሐሉን አልነካሁትም። ምድጃውን ለኮስኩ። የጉበቱ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ማዳም ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች።

አንዱን ብስኩት ውሻው ፊት አኖርኩለት። ጠበቀ። ልጆቹን አየ፤ አንገታቸውን ደፍተዋል። እኔን አየኝ። ትንሿ ልጅ ሱሪዬን ጎተት አደረገችኝ።

«ያላ፣ አንተ በል።»

አማተብኩ።

«በስመ አብ።»

ውሻው መጀመሪያ ዞሮ በሩን አየ። ቆየ። ከዚያ በላ።