በጠፍር ጫማ ሐይቁን መሻገር

አለፈች! ተሻገረች! ግንቦት ላይ ጋዋኗን ለብሳ ትመረቃለች!

ያለፈችው ብሪታ ኒስትሮም ናት፤ እኔ በምሠራበት የኮሌጁ ካፌቴሪያ አራት ዓመት ሙሉ ቆማ የበላች ልጅ። ወንበሩ ሞልቶ ተርፎ እሷ ከሾርባው ድስት አጠገብ ቆማ ትጎርሳለች። "ቁጭ በይ እንጂ፣ ምግቡ አያመልጥሽም" ስላት፣ "ላሞች ቁጭ ብሎ የሚበላን አይጠብቁም" ትለኛለች። ያደገችው ላም በሚያረቡ ሰዎች ቤት ነው፤ ነገሯ ሁሉ ጥድፊያ ነው።

በሁለቱ ሴሚስተሮች መካከል ያለው የጥር ትምህርት ግን ለጥድፊያ አይመችም። ወሩን ሙሉ አንድ ትምህርት ብቻ ነው። ተማሪው ጠዋት ይማርና ከሰዓት በኋላ እንደ ጥጃ ይፈታል፤ ገሚሱ ኮሪደር ላይ ተዘርፍጦ ሹራብ ይሠራል፣ ገሚሱ የእኛን ትሪ ሰርቆ ከቤተ መጻሕፍቱ ኋላ ካለው ዳገት በበረዶ ላይ ቁልቁል ይንሸራተትበታል። ዘንድሮ አርባ አንድ ትሪ ጎድሎብናል። ታዲያ ለመመረቅ ከአራቱ ዓመት ሦስቱን ጥር ማለፍ ግድ ነው። ብሪታ በመጀመሪያው ዓመት አባቷ ዳሌው ተሰብሮ ላሞቹን ልታልብ ቤቷ ስለሄደች የጥር ትምህርቱ አመለጣት። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አልፋለች። የዘንድሮው የመጨረሻ ዕድሏ ነበር፤ ከወደቀች ምርቃት የለም።

የመረጠችው የአርቪድን ትምህርት ነው። አርቪድ የኮሌጁን ማሞቂያ ቦይለር ሠላሳ ዓመት የጠበቀ ሽማግሌ ነው፤ በጥር በጥር ደግሞ በረዶ ውስጥ ላለመስመጥ ከእግር ሥር የሚታሰር ሰፊ የበረዶ ጫማ አሠራር ያስተምራል። እንጨቱ ይጎብጥና ዓሣ ይመስላል፣ ውስጡ እንደ ጠፍር አልጋ በእርጥብ ጠፍር ይጠለፋል፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ቦታ ተሰቅሎ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ፈተናውም አንድ ነው፤ በመጨረሻው ዓርብ፣ በሠሩት ጫማ በብርድ ረግቶ በረዶ የሆነውን ሐይቅ መሻገር። ተጫምቶ ማዶ የደረሰ አለፈ፤ መንገድ ላይ ያወለቀ ወደቀ።

ሰኞ ዕለት ብሪታ ወጥ ቤት ድረስ ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል። የያዘችው የግራ ጫማ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጣሟል።

"ምን አድርገሽው ነው?" አልኳት።

"ዶርም ማሞቂያው ላይ ሰቀልኩት። በአንድ ሌሊት እንዲደርቅልኝ ብዬ።"

አርቪድ ተጠርቶ መጣ። ጫማውን አገላብጦ አየው።

"አንቺ ልጅ፣ ጫማ ሥሪ አልኩሽ እንጂ ቋንጣ ስቀይ አልኩሽ?"

"ይድናል ወይ? እባክዎን ይንገሩኝ።"

"የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት አንቺ ነሽ። እንጨቱ ግን አልተሰነጠቀም።" ወደ እኔ ዞረ። "ኮኒ፣ ትልቁ ድስትሽ ባዶ ነው?"

"የነገ ሾርባ ልጥድበት ነው።"

"ሾርባው ይቆይ። እኔ ቦይለሩን ባጠፋው አንቺም ትረጊያለሽ፣ ሾርባሽም ይረጋል።"

ምን እላለሁ? ጠፍሩን ፈትተን ዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ዘፈዘፍነው። ሽታው አያድርስ! ለምሳ የተሰለፉት ተማሪዎች አፍንጫቸውን ይዘው፣ "ኮኒ፣ የዛሬው ሥጋ ቀንዱም አለው?" ይሉኛል። "አለው፤ ትሪ ለሰረቀ አስቀምጬለታለሁ!" አልኳቸው። አርቪድ እንጨቱን የድስቱ እንፋሎት ላይ እየያዘ፣ ትንሽ በትንሽ አቀናው። ከዚያ ብሪታ እንደገና ልትጠልፍ ተቀመጠች። አዎ፣ ተቀመጠች! ሦስት ጊዜ ተሳሳተች፣ ሦስት ጊዜ ፈታች። ተጠልፎ ያለቀውን ጫማ ቀዝቃዛው የድንች ማከማቻ ውስጥ ሰቅለን ቆለፍንበት። በማግስቱ "ልየው ብቻ" ብላ ብትለማመጠኝም ቁልፉን አልሰጠኋትም።

ዓርብ ረፋድ ላይ ትኩስ ሾርባ ይዤ ከሐይቁ ማዶ ከአርቪድ ጎን ቆምኩ። ስድስት ተማሪዎች ከወዲያኛው ዳር ተነሡ። የብሪታ ግራ ጫማ አሁንም ትንሽ ይወላገድ ስለነበር፣ ሌሎቹ ቀጥ ብለው ሲመጡ እሷ ጠጅ እንደ ቀመሰ ሰው ወደ ግራ ታዘነብላለች። መሀል ላይ ስትደርስ ድንገት ቆመች። የጫማው ማሰሪያ ተፈቷል። ይቺ ችኩል አሁን አውልቃው ልትሮጥ ነው አልኩ።

"አርቪድ፣ ጩህባት እንጂ!"

"ዝም በይ። እጇን እያየሁ ነው።"

በረዶው ላይ ቁጭ አለች። ጓንቷን አወለቀች። ጓደኞቿ አንድ በአንድ አለፏት፤ አንዱማ "ብሪታ፣ ዓሣ ልታጠምጂ ነው የተቀመጥሽው?" ብሎ አላገጠባት። ቀና እንኳ አላለችም። ቋጠሮውን ሁለቴ አሰረች፣ ሳብ አድርጋ ሞከረችው፣ ተነሣች። እኛ ዘንድ ስትደርስ የሁሉም መጨረሻ ነበረች፤ ጣቶቿ በርበሬ መስለዋል።

አርቪድ ጎንበስ ብሎ ጠፍሩን በጣቱ መታ መታ አደረገው።

"ጠማማ ነው" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ግን አድርሶሻል። አልፈሻል።"

አንገቱ ላይ ተጠመጠመችበት፤ ኮፍያው ወደቀ። አባቷ ጋ ልትደውል ስልኳን ብታወጣ ጣቶቿ አልታዘዝ ስላሏት ቁጥሩን የነካሁላት እኔ ነኝ። "አባዬ፣ ተሻገርኩ" አለችው። ከወዲያ በኩል መጀመሪያ የላም ድምፅ፣ ከዚያ "ጎሽ የኔ ልጅ!"

በሉ ልሂድ፤ የልብስ አጣቢዋ ሎይስ እስካሁን አልሰማችም። አርቪድ ቀድሞኝ ከነገራት መቼም አልምረውም!