ፈረሶቼ የቆሙ ቀን

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እስከ ዛሬ ለሰው በወጉ ተርኬው አላውቅም፤ ገና ስጀምረው ሰው ይስቅብኛል። የኮምፒውተር ጌም ነዋ ነገሩ። እኔ ግን ዛሬ ተቀምጬ ይህን መጻፍ የቻልኩት በዚያ ጌምና በሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ምክንያት ስለሆነ፣ የሚስቀውም ይሳቅ ብዬ ጀምሬዋለሁ።

መርሳ ከተማ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ያደግሁት ግን እዚያ አይደለም፤ ከወልድያ ወጣ ብሎ ባለ የጉባ ላፍቶ ገጠር ነው። መርሳ ስመደብ የማውቀው ሰው ስላልነበረኝ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን መኖር ጀመርኩ። ሴት ልጅ ብቻዋን ስትኖር ጠያቂዋ ይበዛል። ስለዚህ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አላበዛም ነበር።

በተለይ አንድ ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ የስኳር በሽታ አለብኝ፤ በየቀኑ ኢንሱሊን እወጋለሁ። መርሳ ሙቀት ነው፤ ፍሪጅ የለኝም። መድኃኒቱን እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጬ፣ ማሰሮውን ከአልጋው ሥር እደብቀው ነበር። አከራዬ እንኳ አታውቅም። ምክንያቴ ሌላ አይደለም፤ "በሽተኛ ናት" መባሉን ስለፈራሁ ነው።

ጌሙን ያስለመደችኝ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አብራኝ የነበረች የዶርም ጓደኛዬ ናት። የጥንት ዘመን ጦርነት ነው። መንደር ይመሠረታል፣ ገበሬ እንጨት ይቆርጣል፣ ወርቅ ይቆፈራል፣ ግንብ ይሠራል፣ ከዚያ ጦር ይሰለፋል። እንደ ዳማ ተራ እየጠበቁ የሚጫወቱት አይደለም። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ዓይንን ለአፍታ ከነቀሉ መንደሩ ተቃጥሎ ይጠብቃል።

ከሠራዊቱ ሁሉ የምወደው ቀላል ፈረሰኛውን ነበር። ይህ ፈረሰኛ ጥሩር የሚሉት የብረት ልብስ የለውም፤ ጥቂት ከተመታ ይሞታል። ፍጥነቱን ግን የሚያህል የለም። የኔ ስልት ከባላጋራዬ ጦር ጋር አለመግጠም ነው። በጀርባ እገባና እንጨት ቆራጮቹን እበትናለሁ። እግረኞቹ ጦራቸውን ይዘው ሲደርሱ እኔ የለሁም፤ በሌላ በኩል ወርቅ ቆፋሪዎቹ ላይ ነኝ። ጦር የያዘ እግረኛ ለፈረስ ሞት ስለሆነ፣ ጀማሪ ተጫዋች እንኳ ፈረሱን ወደ ጦር አይነዳም።

በስልክ የምንገናኝበት ትንሽ የተጫዋቾች ግሩፕ ነበረን፤ ከወልድያ፣ ከቆቦ፣ ከመርሳ የሆንን። የኔ የጨዋታ ስም "መብረቅ" ነው። ስሙን አይተው ሁሉም "አንተ" ይሉኝ ጀመር። አላረምኳቸውም። ሴት መሆኔ ከታወቀ ጨዋታው ይቀርና ሌላ ወሬ ይመጣል ብዬ ነው።

ከሁሉ አብዝቼ የተጫወትኩት "ዳገት" ከሚባል የወልድያ ሰው ጋር ነው። ዓመት ሙሉ፣ ኔትወርክ እስካለ ድረስ፣ እሑድ ከሰዓት አንቀርም። ዳገት አይቸኩልም፤ ግንቡን ደርድሮ፣ ባለ ጦሮቹን አሰልፎ ይጠብቃል። "መብሬ፣ ዛሬስ ፈረሶችህን አስሬ ነው የምሰድህ" ብሎ ይጽፍልኛል። እኔም "ምነው እንደ ሽማግሌ ተንቀረፈፍክ፣ ፍጠን እንጂ!" እለዋለሁ። ሃያ ዓመት ያልሞላው ተማሪ አድርጌ ነበር የማስበው።

የዚያን እሑድ አከራዬ ለቅሶ ልትደርስ ግራና ከተማ ሄዳ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ሰባት ሰዓት ላይ የምሳዬን ኢንሱሊን ተወጋሁ። እንጀራና ሽሮው ቀርቧል። እጄን ልታጠብ ስነሳ ስልኬ ጮኸ፤ ዳገት ነው። "መብሬ፣ ዝግጁ ነኝ።"

ጨዋታውን ከፍቼ፣ ገበሬዎቼን ሥራ አስይዤ፣ መጀመሪያ የሚወጡትን ፈረሶች ልኬ እበላለሁ አልኩ። መድኃኒቱን ከወሰዱ በኋላ ምግብ ማዘግየት ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ያም ሆኖ "አሁን፣ አሁን" እያልኩ ቆየሁ። ፈረሶቼ አሥራ አንድ ደረሱ። ላቤ መጣ፤ የመርሳ ሙቀት መሰለኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ የጨዋታው ጉጉት መሰለኝ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያሉት ነገሮች ምንነታቸው ጠፋኝ። ፈረሶቹን ውኃ ማጠጣት አለብኝ ብዬ እንዳሰብኩ ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

የቀረውን የሰማሁት ከዳገትና ከእህቱ ነው።

ዳገት ግንቡ ላይ ሆኖ ሲጠብቅ ፈረሶቼ ብቅ አሉ። እንደ ልማዴ በጀርባ የምዞር መስሎት ሲያይ፣ ፊት ለፊት ሄደው ባለ ጦሮቹ መሐል ገቡ። ሰባቱ ወዲያው ወደቁ። የተረፉት አራቱ ፈቀቅ ብለው ከግንቡ የቀስት ማማ ሥር ቆሙ። ቀስት እየወረደባቸው አይሸሹም። መጀመሪያ ተንኮል መስሎት ነበር። ቀጥሎ ከእኔ መልእክት መጣለት፤ "ፈረሱ ውኃ ውኃ ገገገ" ይላል።

"መብሬ፣ ምን ሆንክ?" ብሎ ጻፈ። መልስ የለም። ኔትወርክ ተቋርጧል እንዳይል ገበሬዎቼ እንጨት መቁረጣቸውን አላቋረጡም፤ የሚያዛቸው ሰው ነው የጠፋው። ቀስቱ እንዲቆም ማማውን ራሱ አፈረሰና ባለ ጦሮቹን ወደ ኋላ መለሰ። በግሩፑ በኩል ደጋግሞ ደወለ። አላነሳሁም።

ስለ እኔ የሚያውቀው ሦስት ነገር ብቻ ነበር። መርሳ እንደምኖር፣ አስተማሪ እንደሆንኩ፣ ከወፍጮ ቤት ጀርባ እንደምኖር። ይህን የመጨረሻውን ያወቀው ወፍጮው በተነሳ ቁጥር መብራቱ ይደክምብኛል ብዬ ስለማማርር ነው። መርሳ ደግሞ እህት አለችው፤ እትዬ ዘይነባ፣ ገበያው አጠገብ ጨርቅ የምትሸጥ። ደወለላት።

"ዘይነባ፣ ተነሽ። መርሳ ውስጥ፣ ወፍጮ ቤት ጀርባ የሚኖር አንድ አስተማሪ ልጅ አለ። አንድ ነገር ሆኗል።"

"ስሙ ማነው?"

"መብረቅ።"

"ያረቢ! መብረቅ የሚባል ሰው አለ?"

"የጨዋታ ስሙ ነው።"

"ምን ሆነ ታዲያ?"

"ፈረሶቹ ቆሙ።"

እትዬ ዘይነባ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነው። "ለወገቡ የሚወስደው ኪኒን ናላውን አዞረው ብዬ ነበር፤ ወላሂ" ትላለች። ግን ሱቋን ዘግታ ባጃጅ ያዘች። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ "ድምፁን አውቀዋለሁ። መኪናው በተገለበጠ ጊዜ የደወለልኝ ድምፅ ነው" አለችኝ።

መጀመሪያ የሄደችበት ወፍጮ ቤት አካባቢ አስተማሪ የሚባል የለም። ከሁለተኛው ጀርባ አንድ ወንድ አስተማሪ አገኘች፤ ግቢው ውስጥ ልብስ እያጠበ ነው። "ደህና ነኝ እናቴ፣ ምን ሆኜ?" አላት። ለወንድሟ ደወለች። "ደህና ነው እኮ! ልብሱን እያጠበ ነው።" "መብረቅ ነህ ወይ በይው" አላት። ሰውየው አይደለሁም አለ። ምን እንዳሰበ እንጃ።

ሦስተኛው የእኛው ወፍጮ ቤት ነው። እሑድ ስለሆነ ተዘግቷል። ባለቤቱን ጋሽ ሙላትን ከቤታቸው አስጠራቻቸው።

"ወንድ አስተማሪ እዚህ የለም" አሉ ጋሽ ሙላት። "አንዲት የሒሳብ አስተማሪ ናት ያለችው። ዝምተኛ ልጅ ናት።"

እትዬ ዘይነባ ለወንድሟ ለሰይድ እንደገና ደወለች። "ሰይዶ፣ የለም። ሴት ናት ያለችው።"

ያን ጊዜ "በቃ ተመለሽ" ቢላት ማንም አይፈርድበትም። ዓመት ሙሉ ወንድ እንደሆንኩ እንዲያስብ የተውኩት እኔው ነኝ።

"ወንድ ሴት መሆኑን ተይው" አላት። "አንኳኪ።"

ጋሽ ሙላት የግቢውን በር በስንጥቁ እጃቸውን አሾልከው ከፈቱት። የክፍሌ በር ለሙቀቱ ብዬ ገርበብ ያደረግሁት ነው። ወለሉ ላይ ወድቄ አገኙኝ። መርፌው ጠረጴዛው ላይ፣ ምሳው እንደቀረበ። ጋሽ ሙላት መርፌውን ሲያዩ ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ። እትዬ ዘይነባ ግን አማቷን ስኳር ሲያማት ለዓመታት ያስታመመች ሴት ናት። "ይቺን መርፌ አውቃታለሁ! ስኳር ፈልጉልኝ!" ብላ ጮኸች። የሻይ ስኳሬን በውኃ ነካ አድርጋ፣ በጎኔ አስተኝታ፣ ድዴን በጣቷ ትቀባኝ ጀመር። ከዚያ በባጃጁ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ፤ ግሉኮስ በክንዴ ተሰጠኝ። ተረኛው ነርስ "ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ..." ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው።

ዓይኔን ስገልጥ የማላውቃት ሻሽ ያሰረች ሴት ጭንቅላቴን ደግፋ በስልክ ትጮኻለች። "ነቃች! አዎ፣ ነቃች፤ አልሀምዱሊላህ! እንካት፣ አናግራት።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገችው። ጎርነን ያለ የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

"መብሬ?"

"አቤት" አልኩ። ድምፁን ሰምቼው ባላውቅም አወቅኩት። ዳገት ነው። ከዚያ በኋላ አለቀስኩ።

"አይዞሽ" አሉኝ። "ፈረሶችሽን አልነካኋቸውም። አራቱ እንዳሉ ናቸው።"

አከራዬ ማታ ከግራና ተመልሳ ስትሰማ ጤና ጣቢያ ድረስ መጣች። ይፈርድብኛል ብዬ ስፈራው የኖርኩት ዓይን እንባ ሞልቶት ነበር። "እኔ ቤት ውስጥ ሆነሽ? ለምን አልነገርሽኝም?" ብቻ ነው ያለችኝ።

በሁለተኛው ሳምንት በሚኒባስ ወልድያ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ፂማቸው ነጭ፣ በከዘራ የሚሄዱ። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል። መኪናቸው ተገልብጦ ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ ከቤት አይርቁም፤ ልጃቸው ለሥራ ሲሄድ ትቶላቸው በሄደው ላፕቶፕ ነው ጨዋታውን የለመዱት። ዓመት ሙሉ "ፍጠን እንጂ!" ስላቸው የኖርኩት እኒህን ሰው ነው። በኀፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አጎንብሼ "ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"እኔስ ዓመት ሙሉ አንቺን 'አንተ' ስል አልነበር?" ብለው ሳቁ። "ግቢ፣ ግቢ።"

ምሳ ላይ የከነከነኝን ጠየቅኳቸው። "ሰው በጨዋታ መሐል ተነስቶ ይሄዳል፤ የተለመደ ነው። እርስዎ ለምን ዝም አላሉም?"

እንዲህ አሉኝ፤ "መንገድ ላይ ከፊቴ የሚሄድ መኪና አነዳዱ ድንገት ከተለወጠ፣ ሹፌሩ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ጥሩምባ እነፋለሁ። ካልሰማ ወርጄ አያለሁ። አንቺ ዓመት ሙሉ ፈረስ ወደ ጦር ነድተሽ አታውቂም። እንዴት አልፌሽ እሄዳለሁ?"

ከዚያ ወደ ምግቡ መለሱኝ፤ "ብይ፣ ምሳ አታዘግዪ" እያሉ።

አሁን መድኃኒቴን አልደብቅም። ትምህርት ቤት የሥራ ባልደረቦቼ ያውቃሉ፤ ተማሪዎቼም ያውቃሉ። እትዬ ዘይነባ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ትደውልልኛለች፤ ካላነሳሁ ጋሽ ሙላት በሬ ላይ ናቸው። አንዳንዴ ያሰለቸኛል፤ ወዲያው ደግሞ በመሰልቸቴ አፍራለሁ። ብቻዬን በመኖሬ ራሴን የጠበቅሁ ይመስለኝ ነበር። የጠበቁኝ ግን ስሜን እንኳ የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

ባለፈው ዒድ እናቴን ከገጠር አምጥቼ ጋሽ ሰይድ ቤት ወሰድኳት። ጉልበታቸውን ልትስም ወደቀች፤ እሳቸውም "ኧረ በረቢ፣ ተነሽ! እኔ ምን አደረግሁ? ፈረሶቹ ናቸው የነገሩኝ" ብለው አነሷት። እናቴ ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። "እስቲ ያሳዩኝ እነሱን" አለች። ላፕቶፑን ከፍተው አሳዩዋት። አረንጓዴ ሜዳ ላይ ጣት የማያክሉ ፈረሶች ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጎንበስ ብላ ብዙ ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ እንደ ሰው፣ "እናንተንም እግዜር ይስጣችሁ" አለቻቸው።

ማንም አልሳቀም።