ባዶውን ያልተመለሰ መርጫ

እናቴ የሞተች ጊዜ አባቴ ልብሷን ለነዳያን ሰጠ፤ ጋቢዋን እኅቴ ወሰደች፤ ሣጥኗ የእህል ማስቀመጫ ሆነ። ማንም ያልጠየቀው ጓዳ ጥግ በጆንያ ውስጥ ገለባ ለብሶ የተቀመጠው የዳሊያ አበባ ሥር ብቻ ነበር። እንደ ስኳር ድንች ያበጠ፣ በአንድ አንገት ላይ አምስት ስድስት ሆኖ የተንጠለጠለ ሥር ነው። እሱን እኔ ወሰድሁ። ወሰድሁ ልበል እንጂ የተሻማኝ ሰው አልነበረም።

እናቴ ከቡሬ ነበር ያመጣችው። እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ልትጠይቃት ሄዳ፣ ከአንዲት ጎረቤት ግቢ ለምና፣ ሚኒባስ ውስጥ በፌስታል ጭኗ ላይ ይዛው መጣች። አባቴ "ምንድን ነው የያዝሽው?" ቢላት "ድንች" አለችው። እስኪያብብ ድረስ አመናት። ያ የቡሬ ግቢ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል፤ ሴትዮዋም የት እንደ ገባች የሚያውቅ የለም። አበባው ጥቁር ሊባል ጥቂት የቀረው ቀይ ነበር፤ የሰው ፊት ያህል ይሰፋል። ፍኖተ ሰላም ዳር ያለው ቤታችን አጥር ላይ መስከረም በጠባ ቁጥር ገበያተኛ ሸክሙን ሳያወርድ ቆሞ ያየው ነበር።

እናቴ ከሞተች ወዲያ በእጇ ተነክቶ አሁንም የሚያድግ ነገር በቤቱ ውስጥ ሌላ አልነበረም። ስለዚህ ጉዳዬ አንድ ነበር፤ ይህን ሥር ከአንድ ክረምት ወደ ሌላው ማሻገር። አባቴ ግን ለዚያች መሬት ሌላ ሐሳብ ነበረው።

"መስቀል ድረስ አይልሃለሁ" አለኝ። "እስከዚያ ካላበበ ነጭ ሽንኩርት ነው የምተክልባት። አበባ አይፈጭ፣ አይቦካ።"

ስለ ዳሊያ የማውቀው እሷ ስትሠራ ካየሁት ይልቅ ኔትወርክ በሚገኝባቸው ቀናት ከስልክ ያነበብሁት ይበዛ ነበር። እሷ ስትቆፍር እኔ ቁጭ ብዬ ግጥም እየጻፍሁ ነበር፤ አሁን ላይ ሆኜ ሳስበው ያሳፍረኛል። ስልኩ "የጸደይ ውርጭ ካለፈ በኋላ ትከሉ" ይላል። የፈረንጅ ጸደይ ውርጩ የሚያልፍበት ቀን አለው መሰለኝ። የእኛ በልግ ቀን የለውም። መጋቢት ላይ ሦስት ቀን ሳያቋርጥ ዘነበ፤ ሰው ሁሉ በልጉ ገባ አለ፤ እኔም ሥሩን ከፋፍዬ ተከልሁ። ከዚያ እስከ ሚያዝያ ማለቂያ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። በጀሪካን እየቀዳሁ አጠጣሁ። አፈሩ ከላይ እንደ ገል ሲሰነጠቅ ከሥር ግን ቡቃያው አሸንፎ ወጣ፤ ጠዋት ጠዋት እየተነሣሁ በጣቴ ዙሪያውን አላላለት ነበር።

ዝናቡ ሲመለስ ደግሞ የሚበላው ሁሉ አብሮ መጣ። ቀንድ አውጣ ሌሊቱን ቅጠሉን ወንፊት አድርጎት ያድራል። ስልኩ ቢራ በሰሐን አስቀምጡ፣ ጠጥተው ይሰጥማሉ ብሎኝ ስለነበር በቢራ ፋንታ የጠላ አተላ አስቀመጥሁ። እውነትም ሰጠሙ። በማግስቱ ግን ላማችን የአተላውን ሽታ ተከትላ ገመዷን በጥሳ መጣች፤ አተላውንም፣ ቀንድ አውጣውንም፣ ሁለት እግር ዳሊያንም ጠራርጋ በላች። ቀጥሎ ከሥር ፍልፈል ደረሰ። ፍልፈል ሲበላ ያላየ ሰው አያምነኝም፤ ደኅና የቆመ ተክል፣ ቅጠሉ ሳይጠወልግ፣ እያየሁት ወደ መሬት ሰመጠ። ከታች ሆኖ እንደ ገመድ ይስበዋል።

ያን ጊዜ የደረሰልኝ ጎረቤታችን ነው። የክርስትና አባቴም ነው፤ በአርባ ቀኔ ታቅፎ ቤተ ክርስቲያን ያቆመኝ ሰው። ዶማውን ይዞ መጥቶ ከጉድጓዱ አፍ ላይ እንደ ሐውልት ቆመ።

"ጋሼ፣ ሲደክምዎ እኔ ልያዘው" አልሁት።

"ዝም በል፣ ይሰማል።" ጥቂት ቆይቶ በሹክሹክታ "ወይስ ከግጥምህ አንድ ታነብለታለህ? ሰልችቶት ይወጣ ይሆናል" አለ።

"የእኔን ግጥም ከሚሰማ የእርስዎን ዶማ ይመርጣል።"

"እሱስ እውነትህን ነው" ብሎ ሳቁን ዋጠ። ግማሽ ቀን ሊሞላው ሲል አፈሩ ንቅንቅ አለ፤ በአንድ ምት ጨረሰው። እጁን ታጥቦ የተረፉትን ተክሎች ቆጠረና "ሦስት እግር አለህ። ለእናትህ ነፍስ ሦስትም አያንስም" አለኝ። ይህን የምጽፈው የሰውየውን ልብ እንድታውቁት ነው።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን ጠዋት ፀሐይ ነበር፤ ቀትር ላይ ሰማዩ ከማንኩሳ በኩል ጠቆረ፤ ከዚያ በረዶው የቤቱን ቆርቆሮ መደብደብ ጀመረ። ከዳሊያዬ ጎን የአባቴ የበርበሬ ችግኝ መደብ አለ። በቤታችን ያለው ሸራ አንድ ነው። እኔ ሮጬ አንዱን ጫፍ ስይዝ እሱ ሌላውን ይዞታል።

"ልቀቅ!" አለኝ።

"እርስዎ ይልቀቁ! በርበሬው ገና ነው፣ እንደገና ይዘራል! ይኼ አይዘራም!"

"የሚበላውን ትቼ የሚታየውን ልሸፍን?"

"እርስዎ ድሮስ መቼ ያያሉ!" አልሁ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። "እሷንስ መቼ አይተዋት ያውቃሉ!"

ሸራው መሐል ለመሐል ተቀደደ። እኔ በግማሹ ዳሊያውን ሸፈንሁ። አባቴ በእጁ የቀረውን ግማሽ ምንም ሳይሸፍንበት ትንሽ ጊዜ ቆሞ አየውና በረዶው እየወረደበት ቀስ ብሎ ወደ ቤት ገባ። ችግኙ መሬት ላይ ተለሰነ። እኔም ሁለት እግር አተረፍሁ። ደስ ብሎኝ እንደ ነበር ልደብቅ አልችልም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ አላናገረኝም። ማለቴ፣ ለእኔ የሚለውን ለላሚቱ ይነግራታል። "አንቺ፣ ወጡ ጨው በዝቶበታል በይው።" "አንቺ፣ በሩን ሳይቀረቅር የወጣ ማነው? ሌባ ቢገባ የሚሄደው ያንቺ ጥጃ ነው።" እኔም ከእሱ አላንስም፤ "ቀርቅሬያለሁ በያቸው" እላለሁ። ላሚቱ እያመነዠከች ሁለታችንንም ታየናለች። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስቅ ነገር ነበረው። ሰኔ አለፈ፤ ሐምሌ አለፈ። ይቅርታ ለማለት ብዙ ጊዜ ደጃፍ ድረስ ሄጃለሁ፤ የተናገርሁት ነገር ውሸት ቢሆን ኖሮ ይቀልለኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ሁለቱ ዳሊያዎች ደረቴ ድረስ ደረሱ። ስድስት እንቡጥ ቆጠርሁ። አንደኛው ጫፉ ላይ ቀዩን ማሳየት ጀምሮ ነበር፤ ከመስቀል በፊት ቀርቶ ከዘመን መለወጫም ሊቀድም ይችል ነበር። ክረምቱ መሐል ላይ ግን ዝናቡ በድንገት ጠፋና ለስድስት ቀን ፀሐይ ወጣ። ገበሬው ጤፉን እያየ ሰማዩን ያያል። በዚያ ፀሐይ ክሽክሽ መጣብኝ፤ ከሰናፍጭ ፍሬ የሚያንሱ አረንጓዴ ነፍሳት እንቡጡን አንገቱ ድረስ ለበሱት፤ ማር በሚመስል ፈሳሻቸው ላይ ጉንዳን ተሰለፈ። በጣቴ ብጨፈልቃቸው ጠዋት እጥፍ ሆነው ይጠብቁኛል።

አባቴ በጀርባ የሚታዘል መርጫ አለው። ከሳምንት በፊት የክርስትና አባቴ ለበርበሬዬ ትል እረጭበታለሁ ብሎ ተውሶት ነበር። ያን ቀን አባቴ ፍልሰታን ሊያስቀድስ ሄዷል። የሳሙና ውሃ በጥብጬ መርጫውን ላነሣ ጓሮ ስዞር ተመልሶ ግድግዳ ተደግፏል። ሳነሣው ከበደኝ፤ ውስጡ ሦስት ሊትር የሚሆን ነገር ይንቦጫረቃል።

በእኛ ዘንድ የተዋሱት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። የጎረቤት ሳፋ ከሆነ ቆሎ ተጨምሮበት፣ ማሰሮም ከሆነ ጠላ ቀርቶበት ይመለሳል፤ ባዶ መመለስ ለቤቱ ባዶነትን እንደ መመኘት ነው። ስለዚህ አልተገረምሁም። የትል መድኃኒቱን ከፍሎ አተረፈልን ብዬ በልቤ መረቅሁት። ከእኔ የሳሙና ውሃማ ይህ ይሻላል። መድኃኒቱ ጠንከር ያለ ሽታ ነበረው፤ የትኛው መድኃኒት አይሸትም? አዝዬ፣ እየመታሁ፣ ከእንቡጥ እስከ ግንድ፣ ከቅጠሉ በላይም በታችም እስኪንጠባጠብ አለበስኋቸው። የቀረ መኖሩን ባየሁ ጊዜ እሱን ሥሩ ላይ አፈሰስሁ።

በማግስቱ ጫፎቹ ወደ ታች ታጠፉ። በሦስተኛው ቀን ግንዱ እንደ ገመድ ተገመደ፤ ቅጠሉ ጠርዙን ወደ ውስጥ ጠቅልሎ እንደ ሽማግሌ ጆሮ ሆነ። ይህን ቅርጽ አውቀው ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ በጤፍ ማሳ መሐል አይቼዋለሁ። ያየሁትን ለራሴ ላለማመን፣ አብዝቼበት ነው፣ ያገግማል አልሁ።

በአምስተኛው ቀን የክርስትና አባቴ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ። ፊቱ በርቷል።

"እንዴት ነው፣ ያስቀረሁላችሁ ጠቀማችሁ?"

"ምኑ፣ ጋሼ?"

"የአረም ማጥፊያው ነዋ! በርበሬዬን ስጨርስ መርጫውን አጥቤ የጤፌን አረም መታሁበት፤ የተረፈውን ባዶውን ከምመልስ ለጤፋችሁ ዳር ይሁን ብዬ ተውሁት። ለአባትህ ነግሬዋለሁ እኮ።"

እኔ ከተክሎቹ ፊት ቆሜ በጀርባዬ ከልያቸው ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብል ያያቸዋል።

"ጠቅሞናል፣ ጋሼ" አልሁት። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

"አሜን። ለጎረቤት ካልሆነ ለማን!" ብሎ ሄደ።

አባቴ በረቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሰምቶናል። ተነሥቶ መጣና ከሁለቱ ዳሊያዎች ፊት ቆመ። የተገመደውን ግንድ በሁለት ጣቱ ይዞ ቀና ሊያደርገው ሞከረ፤ ግንዱ መልሶ ታጠፈ።

"ያውቁ ነበር?" አልሁት። ለላሚቱ ሳይሆን ለእሱ።

ወደ በረቱ ተመለሰና የላሚቱን አንገት እየዳበሰ "አንቺ፣ ጠይቆኝ ቢሆን እነግረው አልነበር?" አላት። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔም የምመልስለት ነገር አገኝ ነበር።

እስከ መስከረም ጠበቅሁ። ላይ ላዩ ቢሞትም ሥሩ ይተርፋል ብዬ ተስፋ ማድረጌ አልቀረም፤ ዳሊያ ሥር ካለው አለ። እኅቴ ከቡሬ እየደወለች "አበበ?" ትለኛለች፤ መንገድ ስለተዘጋ መጥታ ማየት አልቻለችም። "እየመጣ ነው" እላታለሁ። የመስቀል ማግስት ቆፈርሁት። እጄን ሰድጄ ሥሩን ስጨብጠው ቡናማ ውሃ ሆኖ በጣቶቼ መሐል ፈሰሰ። ሁለተኛውንም ቆፈርሁ። እሱም ያው ነው።

አባቴ የነጭ ሽንኩርት ዘር በቁና ይዞ መጣ። ጎን ለጎን ተንበርክከን እየፈለቀቅን መትከል ጀመርን። የመጀመሪያውን መስመር ሳንጨርስ የክርስትና አባቴ በአጥሩ ላይ ደረቱን አስደግፎ ቆመ።

"ምነው፣ ደራሲው! አበባህ የታል? ስድስት እንቡጥ ብለኸኝ አልነበረም?"

ብነግረው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ሽማግሌ ሰብስቦ፣ በግ እየጎተተ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃችን ላይ ይወድቅ ነበር። እስኪሞት ድረስ ይጸጽተው ነበር። እንዳልነግረው የያዘኝ ርኅራኄ ይሁን ኩራት ዛሬም አልለየሁትም።

"ዘሩ ነው፣ ጋሼ" አልሁት። "ዘሩ ደካማ ነበር።"

"ብዬ ነበር እኔ!" አለ ራሱን እየነቀነቀ። "የከተማ ዘር ነው፣ ለእኛ አፈር አይበረታም። እናትህም፣ ነፍሷን ይማርና፣ የማይሆን ነገር መሸከም ትወድ ነበር።" በርቱ ብሎን ሄደ።

አባቴ እጁ አፈር ውስጥ እንዳለ መትከሉን አቆመ። ከግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየኝ።

"እናትህን ለምን አማኻት?" አለኝ።

"ምን ልበለው ታዲያ?"

ቁናውን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝና ወደ ቀጣዩ መስመር ተሻገረ። ዓመቱን ሙሉ ስቆፍረው የኖርሁት አፈር ስለነበር እንደ ዱቄት ልሟል፤ ሥራው ቶሎ አለቀ።